አማረኝ፦ ከኢምፔሪያል ሰሌዳዎች እስከ ምናለሽ ተራ

«አማረ» የሚለው ግስ የአማርኛ ተናጋሪን ምስጢር ያወጣል። «ቤቱ አማረ» ስንል ስለ ውበት እንናገራለን። አንዲት «ኝ» ስንጨምርበት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ «ቤት አማረኝ» የሚል ሰው የሚያወራው ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ገዛ ሆዱ ነው። የነፍሰ ጡር አምሮትም ከዚሁ ግስ የተወለደ ነው። ሌላም አለ፦ «አማረብህ»። ይህኛው ተመልካች ይፈልጋል፤ በጨለማ ብቻውን ለቆመ ሰው «አማረብህ» የሚለው የለም። እንግዲህ ውበት፣ መሻትና በሌላ ሰው ዓይን መታየት በአንድ ግስ ውስጥ ተጠጋግተው ይኖራሉ ማለት ነው። የማስታወቂያ ሠሪዎችም እንጀራ የሚገኘው ከ«አማረኝ» ወደ «አማረብኝ» በሚያሻግረው ድልድይ ላይ ነው።

የዘመናችን ሥነ ጥበብ ይህን ድልድይ ቆሞ ሲመረምር ከረመ። የሚያምረን ነገር በእርግጥ እኛን ያማረን ነው ወይስ እንዲያምረን ተደርጎ የተሰጠን? ጥያቄው በምዕራቡ ዓለም በአመዛኙ የጥጋብ ጥያቄ ነው። በእኛ አገር ግን የመጣው ከረሃብ፣ ከሰልፍና ከዕጣ ጋር ተያይዞ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ዘልሎ ስለ ሥዕሉ ብቻ ማውራት አያዋጣም።

ከኢምፔሪያል ልጀምር። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከአንድ ሆቴል ነው። ዘውድ ከወደቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ ትርጉሙ «ንጉሠ ነገሥታዊ» የሆነ የፈረንጅ ቃል የታክሲ ወያላ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኸዋል፤ ተሳፋሪውም «ኢምፔሪያል ወራጅ አለ» እያለ ዘውዱን በየቀኑ እግረ መንገዱን ይጠራል። ቦታው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መገናኛ በሚወስደው የቀለበት መንገድ ላይ ነው። መንገዱን የቻይና ኩባንያ ሲሠራው፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1998 ተጀምሮ ነበር። ከዚያ በፊት ከከተማው ዳር ይቆጠር የነበረው የገርጂ መስክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መሻገሪያ ሆነ። ከዱባይና ከጓንዡ በሻንጣ የሚገባው ጫማና ስልክ፣ ከዐረብ አገር የምትመለስ እኅት የያዘችው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን፣ ብዙው በዚህ በኩል ያልፋል። ከመንገዱ በላይ ደግሞ ሰሌዳዎቹ አሉ።

አዲስ አበባ በሰሌዳ የተሞላችው በቅርብ ጊዜ ነው። ሆኖም በዚህች አገር የፍጆታን ምስል ለፖለቲካ የመጠቀም ታሪክ ከሰሌዳው ይቀድማል። መነሻው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ላይ በቴሌቪዥን የታየው ፊልም ይመስለኛል። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1973 የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳይቶ ነበር። ደርግ ይህንን ፊልም ወስዶ በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣ፣ የመኳንንቱን ሠርግና ሥጋ የሚጎረሱትን ውሾች ሰካበት። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ሁለት ምስሎችን ጎን ለጎን በማስቀመጥ ብቻ ሦስተኛ ትርጉም መፍጠር ይቻላል የሚለውን የዘመናዊ ጥበብ ትምህርት፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ የተማረው ከሥዕል ማሳያ አዳራሽ ሳይሆን ከወታደሮች ነው። በእነዚያው ዓመታት ወጣቱ እሸቱ ጥሩነህ የረሃቡን ሰለባዎች በትልቅ ሸራ ላይ ሥሏል። የእሱ ሥዕል ግብዣ የለበትም፤ የሚሄዱ ሰዎች ብቻ ናቸው። ከሁለቱ የቱ እውነተኛ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሁለቱም እላለሁ። የቱ ነው የተመልካቹን ኅሊና ያከበረ ብትሉኝ ግን ሸራው ነው።

የምስሉ ምፀት ዐሥር ዓመት ጠብቆ መጣ። በ1977 መባቻ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሲከበር፣ አደባባዮች በማርክስ፣ በኤንግልስና በሌኒን ግዙፍ ምስሎች ተሸፍነው፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የትግላችን ሐውልት ቆሞ፣ ወሎና ትግራይ እንደገና ይረግፉ ነበር። ያኔ ግብዣውንና ረሃቡን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ቴሌቪዥን በአገር ውስጥ አልነበረም።

በደርግ ዘመን መሻት ራሱ ተጠርጣሪ ነበር። ጥሩ ጫማ የተመኘ ሰው «የንዑስ ከበርቴ አባዜ» ይዞታል ይባል ነበር። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ፣ በኩፖንና በሰልፍ ነበሩ። በነገራችን ላይ አማርኛ «ሰልፍ» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ይጠቀምበታል፤ መፈክር ይዞ አደባባይ ለመውጣትም፣ ዘይት ለመግዛት ተራ ለመጠበቅም። የዚያ ዘመን ሰው በሁለቱም ዓይነት ሰልፍ ላይ ቆሟል። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ብሩሹን ለፖስተር ማዋል ግድ ሆኖበት ነበር። በፖስተሩ ላይ ያለው ሠራተኛ ምንም አያምረውም። ጡንቻ አለው፣ ትንቢት አለው፣ አምሮት ግን የለውም። ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚበላ፣ ለልጁ ምን መግዛት እንደሚፈልግ ከምስሉ ማወቅ አይቻልም።

ከዚያ በሩ ተከፈተ። በ1985 መጀመሪያ ላይ ብር ከነበረበት 2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር በአንድ ዶላር ወረደ፤ የግል ባንኮች ተከተሉ፤ ሸቀጡ ጎረፈ። አሥራ ሰባት ዓመት ተጨቁኖ የኖረ አምሮት በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው፣ «ሸማችነት የምዕራባውያን በሽታ ነው» የሚለውን ስብከት በቀላሉ አይቀበልም። እኔም አልቀበልም። ለሳሙና የተሰለፈች እናት ባለ ብዙ ቀለም ሳሙና በመደርደሪያ ላይ ስታይ የተሰማትን ደስታ «የሐሰት ፍላጎት» ብሎ የሚጠራ ሊቅ አንድም አልተሰለፈም፣ አንድም ሰልፉን ረስቷል።

ከፍላጎቶች ሁሉ ትልቁ ደግሞ ቤት ነበር። ከኢምፔሪያል ብዙም ሳይርቅ፣ እዚሁ ገርጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የአዲስ አበባ የመጀመሪያው የኮንዶሚኒየም ሙከራ ተሠራ። ከንቲባው አርከበ ዕቁባይ ነበሩ። ከጭቃ ቤት ወጥቶ ደረጃ መውጣት፣ የራስን የመጸዳጃ ቤት በር መቆለፍ፣ በመስኮት ከላይ ወደ ታች ማየት፤ ይህ ማንም በማስታወቂያ ያልፈጠረው አምሮት ነው። ነገር ግን መንግሥት ወደ ምዝገባና ወደ ዕጣ ለወጠው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተመዘገበ፤ ቆጠበ፤ ጠበቀ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ከወጣባቸው በኋላ በኮምፒውተር መረጃው ላይ ማጭበርበር ተፈጽሟል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ። ስሙን በአሸናፊዎች ዝርዝር ላይ አግኝቶ ለቤተሰቡ እልል ያስባለ ሰው ከቀናት በኋላ «አልወጣልህም» ተባለ። መሻትን ቁጥር ሰጥቶ፣ ማሽን ውስጥ አስገብቶ፣ ማሽኑ ዋሽቷል ብሎ መመለስ፤ ይህን ያህል የተሟላ የዘመናችን ምስል አንድም ሠዓሊ እስካሁን አልሠራም።

የሰሌዳዎቹ ዘመን ከኮንዶሚኒየሙ ጋር አብሮ አደገ። የውጭ ቢራ ጠማቂዎች ሲገቡ፣ ሄኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 ሐረርንና በደሌን ሲገዛ፣ ዲያጂዮ በ2012 ሜታን ሲወስድ፣ ፉክክሩ በጣዕም ላይ ብቻ አልነበረም። የሚሸጠው ኢትዮጵያዊነት ነበር። አንዱ ቢራ «ዋልያ» ተባለ፣ ሌላው «ሐበሻ»። የውጭ ድርጅት ካፒታል የአገር ፍቅርን ጠርሙስ ውስጥ ሞልቶ ሸጠልን፤ እኛም ጠጣን። «እውነተኛው ፍላጎት» የሚባለው ነገር ምን ያህል ተንኮለኛ እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም፤ ገበያው ትክክለኛነትን ራሱን ሸቀጥ ሊያደርገው ይችላልና። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከመገናኛ ብዙኃንና ከሰሌዳ አነሣ። ሰሌዳዎቹ ግን ጾማቸውን አላደሩም፤ የአፓርታማ ሻጮች ወረሷቸው። በሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ተለቅቆ ከ57 አካባቢ ተነሥቶ ከ100 በላይ ሲወጣ፣ በሰሌዳው ላይ ያለው ሳሎንና ከታች የሚያልፈው ሰው ጨርሰው ተራራቁ። በዚያው ዓመት ከተጀመሩት የኮሪደር ልማት ሥራዎች አንዱ ከቦሌ እስከ መገናኛ ያለው ነበርና፣ መንገዱ ሁሉ እንደ ሱቅ መስኮት ተወልውሎ አሁን ከተማው ራሱ «አማረብኝ?» የሚል ይመስላል።

አሁን ወደ ሥዕሉ።

የእኛ ሥነ ጥበብ ከትክክለኛነት ጥያቄ ጋር የቆየ ጠብ አለው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተምሮ ሲመለስና በ1950ዎቹ አጋማሽ ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ «ይህ የእኛ አይደለም» የሚል ክርክር ተነሥቶበት ነበር። ያው ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት ኦክላሆማ ሞተ፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራ ሙዚየም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ «የእኛ አይደለም» የሚለውም ሰው የለም። ከ1983 በኋላ ደግሞ ክርክሩ ዋጋ ወጣለት። የኤምባሲና የዕርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ዋነኛ ገዢ ሲሆኑ፣ ብዙ ሠዓሊ እነሱ «ኢትዮጵያዊ» የሚሉትን ማለትም ትልልቅ ዓይኖችን፣ የአክሱምን ሐውልት፣ ሞሰብና ጀበናን መሥራት ያዘ። ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙትን መጽሐፍ ያነበበ ሰው የዚህን ዘመን ጣጣ በሰፊው ያገኘዋል፤ እኔ አልደግመውም።

የሸቀጥን ምስል ወደ ጥበብ አዳራሽ በማስገባት የሚታወቀው አንዲ ዋርሆል ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. 32 የሾርባ ጣሳዎችን ሥሎ ደረደረ። ጣሳዎቹ ሙሉ ናቸው፣ ንጹሕ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው አይለይም። በእኛ አገር ግን ጣሳ ሕይወቱ የሚጀምረው ሲያልቅ ነው። እህል ይለካበታል፣ ጠላ ይጠጣበታል፣ አበባ ይተከልበታል። ባዶ ጣሳ የገበያ መለኪያ በሆነበት አገር ስለ ሸቀጥ የሚናገር ጥበብ ከመደርደሪያው ሊነሣ አይችልም። መነሣት ያለበት ከኋላው፣ ዕቃው ከተጣለበት ቦታ ነው።

ኤልያስ ስሜ የተነሣው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ቂርቆስ አድጎ፣ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በ1990 የተመረቀው ይህ ሰው፣ በመጀመሪያ በክር፣ በቁልፍና በጠርሙስ ክዳን ይሠራ ነበር፤ ሸራውን የሚሞላው በመስፋት ነው። ኋላ ላይ ወደ ኮምፒውተር አካላት፣ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦና ወደ ኪቦርድ ቁልፎች ተሻገረ። የሚገዛቸውም መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። «ታይትሮፕ» ማለትም በተወጠረ ገመድ ላይ የሚደረግ ጉዞ ብሎ የሰየማቸው ተከታታይ ሥራዎቹ በብዙ ሺህ የሽቦ ጉንጉኖችና ሰሌዳዎች የተሠሩ ግዙፍ ግድግዳዎች ናቸው። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ከአውሮፕላን መስኮት የሚታይ እርሻ ወይም ከተማ ይመስላሉ። ሲጠጉ እርሻው ይጠፋና የሞተ ስልክ አንጀት ይሆናል።

የቦታውን ስም ልብ በሉልኝ። ምናለሽ ማለት «ምን አለሽ?» ነው። በኢምፔሪያል ሰሌዳ ላይ ያለችው ሴት ከጠዋት እስከ ማታ «ምን ጎደለሽ?» እያለች ትጠይቃለች። ምናለሽ ተራ ደግሞ ያለሽን አሳዪኝ ይላል። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል የሚመላለሰው ሰው ቆራሌው ነው። ቅዳሜ ጠዋት በገርጂ ኮንዶሚኒየሞች መካከል ጆንያውን በትከሻው አድርጎ እየጮኸ ሲያልፍ ከየደረጃው ይወርድለታል፤ የተሰበረ ቻርጀር፣ የማይበራ ሬዲዮ፣ ከዐረብ አገር መጥቶ ሦስት ዓመት እንኳ ያልቆየ ቴሌቪዥን። አንዳንዱ ዕቃ ገና ዕዳው ተከፍሎ አላለቀም። አንድ ሰሞን ቤተሰብ ተሰብስቦ የመረቀው፣ ዳንቴል የለበሰ ዕቃ በኪሎ ተመዝኖ ይሄዳል። የኤልያስን ሥራ በሌላው ዓለም የሚያዩ ብዙዎች ስለ አካባቢ ብክለት የተሠራ ነው ይላሉ፤ እሱ ግን ነገሩ ስለ ቆሻሻ ብቻ አለመሆኑን ሲናገር ኖሯል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ አንድ ጊዜ የሆነ ሰው «አማረኝ» ብሏል። ግድግዳው ላይ የተሰፋው ያ ቃል ነው፤ አምሮቱ ካለፈ በኋላ የቀረው አካሉ። ኤልያስ አይሰድበውም፣ አይሰብክበትም፤ እንደ ጥልፍ ሠሪ በትዕግሥት ሽቦ በሽቦ ይጎነጉነዋል።

ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ ደካማም አይደለም። እነዚህ ሥራዎች በኒው ዮርክ ታዋቂ ጋለሪ ይሸጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአሜሪካ ሙዚየም ተነሥተው በሰሜን አሜሪካ ዞረዋል፤ በ2022 ቬኒስ ቢየናሌ ላይ ቆመዋል። የእኛ ትርፍራፊ አምሮት ተመልሶ የሀብታም ሳሎን አምሮት ሆነ፤ ቆራሌው በኪሎ የገዛው በዶላር ተሸጠ። እውነት ነው። ነገር ግን ከገበያ ውጭ የቆመ ንጹሕ ሥዕል ፈልጎ ያገኘ ሰው ካለ ይጥራኝ። የገብረ ክርስቶስም የፖስተር ሠዓሊዎቹም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቹም ሥራ የሚያዝዝና የሚከፍል ነበረው። የሚያሳስበኝ ሽያጩ አይደለም፤ ይልቅ እነዚህን ግድግዳዎች ከገርጂ ነዋሪ ይልቅ የቬኒስ ጎብኚ የማየት ዕድሉ መስፋቱ ነው።

ይህን ዓይነት እይታ የያዘው ኤልያስ ብቻ አይደለም። ወልዲያ ተወልደው በገብረ ክርስቶስ ሥር የተማሩት፣ እሳቸውም በተራቸው በዚያው ትምህርት ቤት ትውልድ ያስተማሩት ሠዓሊ ታደሰ መስፍን፣ የጉሊት ሴቶችን እንደ ምሰሶ ረዥምና ጽኑ አድርገው ይሥላሉ። በሥዕሎቻቸው ውስጥ የሚሸጠው ነገር ወደ ቀለም ሟሙቶ ሊጠፋ ይደርሳል፤ ሻጯ ግን አትጠፋም። ከሰሌዳው ጋር አነጻጽሩት፤ እዚያ ጎልቶ የሚታየው ዕቃው ነው፤ ሴቲቱ የተቀመጠችው ዕቃውን እንድትይዝ ነው። አመሻሽ ላይ ኢምፔሪያል ድልድይ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ ደርድረው፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ጨርቃቸውን ጠቅልለው የሚሮጡትን ሴቶች የሚያውቅ ሰው ታደሰ ለምን ምሰሶ እንዳደረጓቸው ማስረዳት አያስፈልገውም። ዳዊት አበበ ደግሞ ሰዎቹን ጀርባቸውን አዙሮ ይሥላቸዋል። ማስታወቂያ ጀርባ አይወድም፤ ፊት፣ ጥርስና ዓይን ነው የሚሸጠው። ጀርባውን የሰጠን ሰው ምን እንዳማረው ማወቅ አንችልም፤ እኛንም አይለምነንም።

ኤልያስ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. በመካኒሳ የከፈተው ዞማ ሙዚየም የተሠራው ከጭቃና ከጭድ ነው። ግድግዳዎቹ እንደ ጥልፍ የተቀረጹ ናቸው፤ ለማየት የመግቢያ ይከፈላል። ስለዚህ ቦታ ያለኝ ስሜት የተቀላቀለ ነው። ከጭቃ ቤት ለመውጣት ዕጣ ሲጠብቅ የኖረ ሕዝብ ባለበት ከተማ፣ ጭቃን እንደ ክብር ማሳየት ወይ ትልቅ ድፍረት ነው፣ ወይ የጠገበ ሰው ቀልድ። በጎበኘሁበት ቀን ከአጠገቤ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከሴት ልጃቸው ጋር ነበሩ። ልጅቱ ግድግዳውን ተደግፋ ፎቶ ትነሣለች። «እማዬ ነይ፣ እዚህ ጋ በጣም ያምራል» አለቻቸው።

«እኔ እኮ ከዚህ ለመውጣት ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት» አሉ እናት፣ ሳይስቁ።

ከዚያ ቀረብ ብለው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት። በጥፍራቸው ጫሩት። ከእሱ ይልቅ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ «ማን እንዳቦካው እንጃ እንጂ፣ ጭቃው በደንብ ቦክቷል» አሉና የት ቦታ ጭዱ እንደበዛና የት እንዳነሰ ለልጃቸው በጣት ማሳየት ጀመሩ።